ዕዳ አልባው ብድር

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። እኔ ቀን ቀን በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ዶሴ የማገላብጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ ለመቋጠር የምታገል ሰው ነኝ። ስለዚህም ይህን ብሂል በሁለት በኩል አውቀዋለሁ፤ በሰው ገንዘብ የሚያጌጥ ተበዳሪም፣ በሰው ስንኝ የሚያጌጥ ገጣሚም አይቻለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሦስተኛውን ነው፤ በሰው ሃይማኖት የሚያጌጠውን።

ነገሩን ያስነሣብኝ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥያቄ ነው። ይህች እኅት ሰባት ወር የተሸከመችውን ፅንስ አጣች። ሐዘኗ ገና ሳይበርድ አንዲት ወዳጇ «ይጠቅምሻል» ብላ ስለ «ስበት ሕግ» የሚያስተምር መጽሐፍ ሰጠቻት። ይህ የስበት ሕግ ኒውተን ያገኘው አይደለም፤ የሰው ልጅ የሚገጥመውን ሁሉ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ በሐሳቡ ኃይል ወደ ራሱ ይስበዋል የሚለው ነው። ባልደረባዬ መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨረሰችው። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ስንወጣ ደረጃው ላይ ድንገት ቆመችና፣ «ወንድሜ፣ እርጉዝ ሳለሁ ሁልጊዜ እፈራ ነበር። እንግዲያው ልጄን በሐሳቤ የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። «ተይ እንጂ፣ ምን ማለትሽ ነው» ብዬ አለፍሁት። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው።

መጽሐፉን ተውሼ አነበብሁት። ጥቂት ከወንጌል፣ ጥቂት ከህንድ፣ ጥቂት ከፊዚክስ የተዘገነበት ነው። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ብታዩት የምታውቁት፣ የምታከብሩትም ይመስላል። ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ ቅዱሳት ምንጮች የተቀዳ ውኃ እንዴት አንዲትን እናት መረዛት? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ሄድሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ግን አቋሜን ልናገር። መበደር ነውር አይደለም፤ ነውር ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ እንጀራ አልበላም ነበር። ዳሩ ግን ብድር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ውል አለው። መያዣ አለው፣ ወለድ አለው፣ የመክፈያ ጊዜ አለው። ገንዘቡን የሚወድ ሁሉ ውሉን አይወድም። ውሉን ቀዶ ገንዘቡን ይዞ የሄደ ሰው ግን ተበዳሪ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው። የሃይማኖት ሐሳብም እንዲሁ ውል አለው። እያንዳንዱ ማጽናኛ ከአንድ ግዴታ ጋር፣ እያንዳንዱ ተስፋ ከአንድ ሸክም ጋር ተሰፍቶ ነው የተሰጠን። የዘመናችን መንፈሳዊ እንቅስቃሴዎች ከጥንታውያን ሃይማኖቶች መዋሳቸውን አልቃወምም። የምቃወመው ማጽናኛውን ወስደው ግዴታውን መተዋቸውን ነው። ከዚህም የከፋው፣ ግዴታው ሲቀር ማጽናኛው ራሱ ወደ ጭካኔ መለወጡ ነው።

አበው እንዴት ይበደሩ እንደ ነበር ለማየት ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከየመን መጥተው በደብረ ሊባኖስ የመነኰሱትና ለእጨጌነት የበቁት አባ ዕንባቆም አንድ መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በህንድ አገር ለአንድ ኃያል ንጉሥ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ኮከብ ቆጣሪ ልጁ ዓለምን እንደሚንቅ ተነበየ። ንጉሡም ደንግጦ ልጁ እርጅናን፣ ደዌንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት አጥሮ አሳደገው። ልዑሉ ግን አንድ ቀን ከአጥሩ ወጣና ሕመምተኛ አየ፤ ሽማግሌ አየ፤ የሁሉም መጨረሻ ሞት መሆኑን ሰማ፤ ልቡም ታወከ። በዚህ ጊዜ በረላም የሚባል መናኝ ዕንቁ ሻጭ መስሎ ወደ እርሱ ገባና አስተማረው። በመጨረሻ ይዋስፍ ዘውዱን አውልቆ ወደ በረሃ ወጣ።

ይህ ታሪክ የማን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይጠረጥር አይቀርም። የቡድሃ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሊቃውንት እንዳስተዋሉት፣ ታሪኩ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ ምድር፣ በዓረብኛ፣ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች እየተሻገረ የክርስቲያን ቅዱስ ገድል ሆኗል። «ይዋስፍ» የሚለው ስም ራሱ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የህንድ ቃል የመጣ ነው፤ በዓረብኛ ጽሕፈት «በ»ን ከ«የ» የሚለየው የነጥብ ነገር ስለ ሆነ በመንገድ ላይ ፊደሉ ተለወጠ። የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ልዑል በኖቬምበር 27 ቀን ከቅዱሳን ጋር ስትዘክረው ነበር። እነሆ ቡድሃ ስሙን ለውጦ፣ ማዕተብ አስሮ፣ ደብረ ሊባኖስ ገባ ማለት ነው።

ቅን እንሁን። አበው ከማን እንደ ተበደሩ አላወቁም፤ ባለቤቱም አልተጠየቀም፤ ትምህርቱም ከሥር ተለውጧል። ይህን በበጎ ጎን ብቻ አላየውም። ነገር ግን አንድ ነገር አልጣሉም፤ መውጣቱን። ልዑሉ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ መውጣቱን፣ ዕንቁው ዋጋ ያለው መሆኑን፣ ዋጋውም ሰውዬው ራሱ መሆኑን ያዙ። ያን መጽሐፍ በገዳም ያነብ የነበረው መነኩሴ እርሱም ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ የሚጾም፣ መሬት ላይ የሚተኛ ነበር። ስሙ ጠፋ፤ ሸክሙ ግን ከትከሻ ወደ ትከሻ ተላለፈ።

የዛሬው ተበዳሪ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የቡድሃን ስም ይይዛል፤ ሐውልቱን በሆቴል መታጠቢያና በማሳጅ ቤት መግቢያ ያቆማል፤ ልዑሉን ግን እጁን ይዞ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይመልሰዋል።

የዘመናዊው ብድር ትልቁ ዶሴ የተከፈተው በ1875 በኒው ዮርክ ነው። ሩሲያዊቷ ሔለና ብላቫትስኪ እና አሜሪካዊው ኮሎኔል ሔንሪ ኦልኮት የቴዎሶፊ ማኅበርን መሠረቱ። በ1880 ወደ ሲሎን ተሻግረው በአደባባይ የቡድሃን ሥርዓት ተቀበሉ፤ በ1882 ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በማድራስ አጠገብ፣ በአድያር አቋቋሙ። የእነዚህን ሰዎች በጎ ሥራ መካድ አልሻም። ኦልኮት በሲሎን የቡድሂስት ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ደክሟል። ወጣቱ ጋንዲም በ1889 አካባቢ ለንደን ሳለ የራሱን ሕዝብ መጽሐፍ፣ ብሃጋቫድ ጊታን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ሁለት ቴዎሶፊስቶች ስለ ጋበዙት እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። ብድሩ ወደ ባለቤቱ ልጅ ተመለሰ ማለት ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል።

ነገር ግን በመንገድ ላይ «ካርማ» ምን እንደ ደረሰበት እንይ። ለህንድ መናንያን፣ ምንም እንኳ ሂንዱው፣ ቡድሂስቱና ጃይኑ በየራሳቸው መንገድ ቢፈቱትም፣ ካርማ የመንኰራኩር ስም ነው። ነፍስ በሥራዋ ታስራ ከልደት ወደ ሞት፣ ከሞት ወደ ልደት ትዞራለች። ዳግመኛ መወለድ የምሥራች አይደለም፤ ከእርሱ ለመውጣት ነው ሰው ቤቱን ጥሎ ዱር የሚገባው። ቴዎሶፊስቶች ይህን መንኰራኩር ወስደው መሰላል አደረጉት። ነፍስ በየልደቷ አንድ ክፍል እያለፈች ወደ ላይ የምትወጣ ተማሪ ሆነች። ለመናኙ እስር ቤት የነበረው ለአውሮፓና ለአሜሪካ አንባቢ ሁለተኛ ዕድል ሆኖ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ቃሉ እየቀለለ፣ እየቀለለ መጣ። ዛሬ በእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ ብድሩን መክፈል ያቃተው ነጋዴ ሱቁ በሐራጅ ሲሸጥ «ካርማ ነው!» ብሎ የሚሥቅ ጎረምሳ አይጠፋም። ሰው ራሱን እንዲመረምርበት የተሰጠ ቃል በሌላው ውድቀት ላይ የሚጨበጨብበት ሆነ።

ሁለተኛው ዶሴ አዲስ ነው። በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ የሳይንስ ሰው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ትንፋሽን ማስተዋል፣ አሁን በሆነው ላይ ማተኮር፣ ሳይፈርዱ መመልከት፤ ዛሬ ዓለም «ማይንድፉልነስ» የሚለው ነው። ሰውየው ከቡድሂስት መምህራን መማራቸውን አልደበቁም፤ የሕመምተኛን ሥቃይ ማቅለልም የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። በዚህ እስማማለሁ።

ሆኖም ይህ ማስተዋል በቡድሃ ትምህርት ከስምንቱ ቅን መንገዶች ሰባተኛው ነው። ብቻውን አልተሰጠም። አምስተኛው «ቅን መተዳደሪያ» ነው፤ የጦር መሣሪያ፣ የሰው፣ የሥጋ፣ የአስካሪ መጠጥና የመርዝ ንግድን የሚከለክል። ሰባተኛው ከአምስተኛው ተነጥሎ በወጣ ጊዜ ምን ሆነ? በ2007 በጉግል ኩባንያ ለሠራተኞች የሥልጠና ኮርስ ሆነ። ወደ ጦር ግንባር ለሚሄዱ የአሜሪካ ወታደሮችም ተሰጠ። አትግደል የሚለው ቀርቶ፣ ሳይረበሹ መተንፈሱ ብቻ ተወሰደ። ወታደሩ ሰላም አይሻ አልልም፤ የሚሄደውም ታዝዞ ነው። ነገር ግን የቡድሃ ማስተዋል ሰውዬው በያዘው መሣሪያ ላይ ዐይኑን እንዲገልጥ የታሰበ ነበር እንጂ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ አልነበረም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ስንኝ ወዳጆች ልምጣ፤ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንምና። ጀላሉዲን ሩሚን የማይጠቅስ ገጣሚ ዛሬ አለን? በየገጹ፣ በየፖስት ካርዱ፣ በየሠርግ ጥሪው የሩሚ ፍቅር ይፈስሳል። በ1207 ተወልዶ በ1273 በኮንያ ያረፈው ይህ ሰው የእስልምና ሕግ መምህር ነበር፤ አባቱም እንዲሁ። «ማስናዊ» የተባለው ስድስት መጽሐፍ ያለው ታላቅ ሥራው ከቁርኣን በተቀዱ ታሪኮችና ቃላት የተሞላ ነው። በዓለም እጅግ የተሸጠው የእንግሊዝኛ ሩሚ ግን የኮልማን ባርክስ ነው። ባርክስ አሜሪካዊ ገጣሚ ነው፤ ፋርስኛ አያነብም። ቀደምት ሊቃውንት ቃል በቃል የተረጎሙትን ወስዶ በነጻ ስንኝ መልሶ ጻፈው፤ በ1995 የወጣው መድበሉም በብዙ ሺሕ ቤቶች ገባ። ነገሩ የተጀመረው በ1976 ሲሆን፣ ሮበርት ብላይ የተባለው ገጣሚ የሊቃውንቱን ትርጉም ሰጥቶት እነዚህ ግጥሞች ከታሰሩበት ሊፈቱ ይገባል እንዳለው ባርክስ ራሱ ይተርካል።

ተፈቱ። ሲፈቱም ቁርኣኑ ቀረ፤ ሶላቱ ቀረ፤ ነቢዩ ሙሐመድ ገሸሽ ተደረጉ። በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩን ለአምላኩ ምድር ላይ ያሳርፍ የነበረው ሰው የማንም ያልሆነ፣ ለማንም የማይሰግድ፣ የወይን ጠጅና የፍቅረኛ ገጣሚ ሆኖ ወጣ። እስር ቤት ያሉት ቤቱን ነበር! ባርክስ ጥሩ ጆሮ ያለው ገጣሚ ነው፤ አንዳንዱ ስንኝ እኔንም አስነብቶኛል። ግን የሩሚ ፍቅር እንዲያ የሚያቃጥለው የሚሰግድለት ስላለው ነው። ስግደቱን አውጥታችሁ እሳቱ እንዲቀር መመኘት ማገዶውን አንሥቶ ነበልባሉን ለማቆየት እንደ መሞከር ነው።

በሌላው ላይ ጣት ስቀስር የራሴን ጉድ አልደብቅም። በሃያዎቹ መጀመሪያ «ኒርቫና» የሚል ግጥም ጽፌ በአንድ የኪነ ጥበብ ምሽት አንብቤያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛልም። ቃሉን የመረጥሁት ቤት ስለ መታልኝ ብቻ ነበር። መብራት እንደሚጠፋ የምኞት እሳት መጥፋት ማለት መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ግን ኒርቫናን የተመቸ አልጋ አስመስዬ ነበር የገጠምሁት። እንግዲህ ከተከሳሾቹ አንዱ ነኝ።

«አንተ ኢትዮጵያዊ፣ የህንድና የፋርስ ነገር ምን አገባህ?» የሚለኝ ቢኖር፣ ከእኛም ተወስዷልና እለዋለሁ። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከአገራችን ቅጂዎቹን ይዞ በ1773 አውሮፓ ደረሰ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። እስከዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ በኋላ ግን የዘመኑ መንፈሳውያን ተቀባበሉት። በ1983 አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ክሌር ፕሮፌት ይህንኑ የሎረንስን ትርጉም ጨምራ «የተከለከሉ የሄኖክ ምሥጢራት» በሚል ርእስ አወጣችው። የተከለከለ? ለማን? በደብተራውና በመነኩሴው እጅ ሲገለበጥ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቈጥሮ ሲነበብ የኖረውን መጽሐፍ ማን ከለከለው? ሌሎች ደግሞ ከሰማይ የወረዱትን ትጉሃን ከሌላ ፕላኔት በመንኰራኩር የመጡ እንግዶች አደረጓቸው።

ልብ በሉ፤ ከሄኖክ የተወሰደው ምን እንደ ሆነ። ረጃጅሞቹ ግዙፋን፣ የወደቁት መላእክት፣ የሰማይ ምሥጢራት። የተተወውስ? በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ በባለጠጎች ላይ የወረደው ወዮታ። በሀብታቸው የሚታመኑትን፣ ቤታቸውን በሌላው ድካም የሚገነቡትን፣ ድሃውን የሚረግጡትን ሄኖክ ስማቸውን ሳይጠራ አንድ በአንድ ያስፈራራቸዋል። ያ ክፍል ምሥጢር አይደለም፤ ግልጽ ነው። ምናልባትም የማይሸጠው ለዚህ ይሆናል።

እነሆ ሁሉም ዶሴ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። መንኰራኩሩ ተወስዶ መውጫው ተተወ፤ ማስተዋሉ ተወስዶ ትእዛዙ ተተወ፤ ፍቅሩ ተወስዶ ስግደቱ ተተወ፤ መላእክቱ ተወስደው ወዮታው ተተወ። ወደ ባልደረባዬ መጽሐፍ የምመለሰው ይህን ይዤ ነው።

የስበት ሕግ የሚባለው ከሰማይ አልወረደም፤ የተጻፈ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ ሰዓት ሠሪው ፊንያስ ኩዊምቢ ደዌ የተሳሳተ እምነት ውጤት ነው ብሎ ማከም ጀመረ። ከእርሱ ሐሳብ ተነሥቶ «አዲስ ሐሳብ» የተባለ እንቅስቃሴ አደገ። በ1906 ዊሊያም ዎከር አትኪንሰን የስበት ሕግን በርእሱ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። አትኪንሰን የባልቲሞር ተወላጅ፣ በሙያው ጠበቃ፣ ነዋሪነቱም በቺካጎ የነበረ ሰው ነው። ይኸው ሰው «ዮጊ ራማቻራካ» በሚል የህንድ ስም ስለ ዮጋ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል! አንባቢው የህንድ መናኝ የሚያነብ ይመስለዋል፤ ከብዕሩ ጀርባ ያለው የቺካጎ ጠበቃ ነው። ልክ መቶ ዓመት ቈይቶ፣ በ2006፣ አውስትራሊያዊቷ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሮንዳ በርን «ሚስጥሩ» የተባለውን ፊልምና መጽሐፍ አወጣች፤ ዓለምም አዲስ ነገር የተገለጠ መሰለው።

መጽሐፉ ለምን፣ እመን፣ ተቀበል ይላል፤ ይህንንም ከወንጌል ያገኘው መሆኑን ይናገራል። እውነት ነው፤ ለምኑ የሚል ቃል በወንጌል አለ። ነገር ግን ያንኑ ያስተማረው ጌታ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ፣ ጽዋው ሳያልፍ፣ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጥቶ ተነሣ። ይህ ሌሊት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ጸሎት ተወሰደ፤ ጌቴሴማኒ ተተወ። ጌቴሴማኒ የሌለበት ጸሎት ሲሠራ ትምክህት ነው፤ ሳይሠራ ደግሞ ክስ ነው። የለመንሽው ካልሆነ ያጐደልሽው አንቺ ነሽ፤ ክፉ ከደረሰብሽ የጠራሽው አንቺ ነሽ። ባልደረባዬን ደረጃው ላይ ያቆማት ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ክስ ጥንታውያኑ አያውቁትም ነበርን? ያውቁታል እንጂ! መጽሐፈ ኢዮብ የተጻፈው በዚሁ ላይ ነው። ልጆቹን የቀበረውን ሰው ወዳጆቹ መጥተው ይህ የደረሰብህ ከራስህ ነው፣ ራስህን መርምር አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነዚያ አስተማሪዎች ላይ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ከብዙ ሺሕ ዓመት በኋላ የሥልጠና አዳራሽ ተከራይተው፣ ማይክሮፎን ይዘው፣ በትኬት መግባት ጀመሩ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የእኛ ሰው በለቅሶ ቤት ምን ያደርጋል? ይመጣል፤ ይቀመጣል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል እንጂ ለምን እንደ ሆነ አያብራራም። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ይህ ማጽናኛ ግዴታ አለበት፤ ነገ በእርሷ ቤት የተቀመጠው ሰው ሲያዝን እርሷም ሄዳ ትቀመጣለች። ቀርቶ ገንዘብ ትከፍላለች። ብድር በምድር ማለት ይህ ነው። በስበት ሕግ ዓለም ግን የሐዘንተኛ ቤት መሄድ እንኳ ያሰጋል፤ ክፉ ሐሳብ ይስባልና። እንግዲህ ግዴታው ሲቀር ማጽናኛው ወደ ጭካኔ ይለወጣል ያልሁት ይህን ነው።

የሚሰነዘሩብኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው፣ ሐሳብ ድንበርም ባለቤትም የለውም የሚል ነው። እስማማለሁ። እኔ የጉምሩክ ዘበኛ አይደለሁም፤ አባ ዕንባቆምንም ያነሣሁት ለዚሁ ነው። ሐሳብ ባለቤት ባይኖረውም ክብደት አለው። የምጠይቀው ማን ወሰደው ብዬ ሳይሆን ክብደቱን ማን ተሸከመው ብዬ ነው። በዚህ ረገድ የጃማይካ ራስታዎችን አስባለሁ። ከኢትዮጵያ ስማችንን፣ ሰንደቃችንን፣ ንጉሣችንን ወስደዋል፤ ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሚያምኑትን እኔ አላምንም፤ ንጉሡም ክርስቲያን ሆነው ነው የኖሩት። ግን ከቀደምቶቻቸው አንዱ ሊዮናርድ ሃዌል በ1934 ስለዚሁ ስብከቱ ታስሯል፤ ብዙዎች ስለ ፀጉራቸውና ስለ እምነታቸው ተደብድበዋል፤ አንዳንዶቹም አገራቸውን ጥለው ውቅያኖስ ተሻግረው ሻሸመኔ ሰፍረዋል። ብድሩን በሥጋቸው ከፍለዋል። ባልስማማባቸውም ዶሴያቸው ንጹሕ ነው።

ሁለተኛው መልስ፣ እኔን ጠቅሞኛል የሚል ነው። ይህን አልንቅም። መተንፈስ ያረጋጋል፤ ተስፋ ማድረግም ያነሣሣል። የጠቀመህን ያዝ። ነገር ግን ለአንተ ሲሠራ ማስረጃ የሚሆን፣ ለእርሷ ሳይሠራ ሲቀር የእርሷ ጥፋት የሚሆን ትምህርት ሒሳቡ አይዘጋም። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ትርፉን ብቻ መዝግቦ ኪሣራውን ሁሉ በደንበኛው ስም ቢጽፍ ምን እንደሚባል በእኛ ሙያ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ ጥበብ ሲያቀርብልኝ፣ በብድር ክፍል እንደ ለመድሁት ሦስት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ከማን ወሰድኸው? ስትወስድ ምኑን ተውህ? ምን ትከፍልበታለህ? የመጀመሪያውን ብዙዎች ይመልሱታል። ሁለተኛው ላይ ይንተባተባሉ። ሦስተኛውን ስጠይቅ ግን ከፋዩ እኔ መሆኔን፣ የመግቢያውንም ዋጋ ይነግሩኛል።

ለባልደረባዬም መልሴ ይኸው ነው። እኅቴ፣ ልጅሽን አልገደልሽውም። ፍርሃትሽ እናትነትሽ ነበር። የሰጡሽ መጽሐፍ ከብዙ ቅዱሳን ተበድሯል፤ ቅዱሳኑ ግን ዛሬ ቢኖሩ ከአጠገብሽ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር እንጂ አይከሱሽም ነበር። የዚያን ቀን ይህን ማለት ሲገባኝ ዝም በማለቴ ይቅር በዪኝ።

አንባብያን ሆይ፣ በልማዴ በስንኝ ልሰናበታችሁ።

ዕንቁ ሻጭ መጣ አሉ፣ ከሩቅ ምሥራቅ አገር፤
ልዑል ዋጋ ቢጠይቅ፣ «ዘውድህ» አለው በምሥጢር።
ያ ልዑል ከፈለ፣ ባዶ እጁን ወጣ፤
ዕንቁውን አገኘ፣ መንግሥቱን አጣ።
እኛ ግን ብልጦቹ፣ በዋጋው ተጣልተን፣
ሣጥኑን ይዘን መጣን፣ ዕንቁውን ትተን።

ቸር ያቆየን።